ከቆርቆሮው ጀርባ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ ነገሩ ግን ሆኗል። የነገረኝ ራሱ ደርቤ ነው።

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደባርቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ ከተማውን ውጦት ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም።

ደርቤ የመብራት ሠራተኛ ነው። የዚያን ቀን ከዳባት በሚኒባስ የመጣው እትዬ ባንቻየሁ ጠርተውት ነው። የጓዳቸው የቆርቆሮ ግድግዳ ሰው ይነዝራል።

ግቢው ውስጥ ላሟ ዝናብ ይወርድባታል። በረቱ ክፍት ነው... አትገባም።

«በረቱ ከዚያ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው» አሉ ባንቻየሁ በሹክሹክታ። «ከትናንት ወዲህ ብትመታም አትጠጋው።»

ባለቤታቸው ጋሽ ገዱ ከመደቡ አልተነሡም።

ደርቤ ጓዳ ገብቶ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚለይበትን ቴስተር ቆርቆሮው ላይ አስነካ። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቦግ አለች።

«ጋሽ ገዱ፣ ከጀርባ የተላጠ ሽቦ አለ። ቆርቆሮው ተነቅሎ መቀየር አለበት። ሰው ይገድላል።»

«ሥራ ሲጠፋ ሰው ማስፈራራት ጀመራችሁ?» ሳቁ። «ስንት ዘመን ኖሬበታለሁ! ለሽቦ የማወጣው ብር የለኝም።»

«በጌን ሸጬ እኔ ልክፈል...» አሉ ባንቻየሁ።

«ዝም በይ!»

ደርቤ አልተከራከረም። ወጥቶ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አወረደው። ቢያንስ ዛሬ ማንም አይሞትም ብሎ።

ተመልሶ ቴስተሩን አስነካ።

ቦግ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ስጦታ በአጥር በኩል ተጣራች።

«እትዬ ባንቻየሁ! እናንተም ጋ መብራት የለም? ከጠዋት ጀምሮ ከተማው በሙሉ ጠፍቷል እኮ!»



ጋሽ ገዱ ተነሡ። «መብራት ከሌለ ታዲያ ምኑ ነው የሚገድለው? ውሸታም!»

«አይንኩት!» ጮኸ ደርቤ።

መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፉ።

«ይኸው! ምንም የ...»

ሳቃቸው ተቋረጠ።

እጃቸውን ሊያነሡ ሞከሩ። እንቢ አለ።

«ልቀቀኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ያሉት ደርቤን አልነበረም። የሚያዩት ግድግዳውን ነው።

ደርቤ ደረቅ አጣና አንሥቶ ክንዳቸውን መታው። ወደቁ። ደረታቸውን ተጫነ፣ ጠራቸው፣ ደግሞ ተጫነ...

ትንፋሽ አልነበረም።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ባንቻየሁ ደርቤን አስጠሩት። ልጆች የሚመጡበት ቤት ነው፣ እንዲህ አይቀመጥም አሉት። እምቢ ማለት አቃተው።

ቆርቆሮውን ነቀለው።

ከጀርባው ሽቦ የለም። አንድም።

ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ድሮ የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ። መሃሉ ላይ ግን ጭቃው ዛሬ የተለሰነ ይመስል እርጥብ ነው... ከውስጥ ወደ ውጭ የተገፋ መዳፍም ወጥቶበታል። አምስቱም ጣቶች ተዘርግተዋል።

ደርቤ እያያቸው፣ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተጨበጡ።