ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተለመነው ክር

ተረት የሚፈልግ ሌላ ቤት ያንኳኳ።

እኔ የምጽፈው ባይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የዳሰስኩትን፣ ይቅር በሉኝና በምላሴም የቀመስኩትን ነው። ውሸታም ሊለኝ የሚፈልግ አሰላ ይምጣና ፊት ለፊት ይበለኝ።

ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ጅብም አልጮኸም። ጭላሎ በጉም ተሸፍኗል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል... እኔ በእህቴ በሀሊሜ ቤት ኪሮሼን ይዤ ክር እጠብቃለሁ።

ጠይባ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ኪሮሽም ያስተማረኝ የለም። ጎረቤታችን ራዲዮኗን የምታለብስበትን ዳንቴል ተውሼ ፈታሁት፣ መልሼ ሠራሁት፣ ከበፊቱ አማረ። ሴትዮዋ እስካሁን አላወቀችም። ይቺን ስታነብ ታውቃለች።

ሀሊሜ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሁለቱም ከአራስ ቤት ሳይወጡ ነው የሄዱት።

አሁን ሦስተኛውን ታቅፋለች። ቱሳ ይባላል። ቱሳ አንድ ነገር ቢሆን ሀሊሜም እንደማትቆይ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚናገረው ግን አልነበረም። ከዲሮ የሚባለው ባሏ እህል ሊሸጥ አርቦዬ ገበያ ወርዶ ዝናቡ መንገድ ቆርጦበታል። ቤት ያለነው ሴቶቹ ብቻ ነን።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ልጅ የማይጸናላት ሴት ለልጇ ልብስ አትገዛም። ይለመንለታል። ልጅ ካልሞተባቸው ቤቶች፣ ከዚህም ከዚያም ቅዳጅ ይሰበሰባል። የእነሱ ዕድል በልብሱ ይገባለታል ይባላል።

የሀሊሜ አማት አዴ ዘሀራ ለቱሳ ኮፍያ የሚሆን ክር ሊለምኑ ከጠዋት ወጥተው ነበር። ውሃ ሆነው ተመለሱ።

«እሺ አዴ፣ ምን ይዘው መጡ?» አልኳቸው። «በዚህ ዝናብ እንኳ እውነተኛው ለማኝ አይወጣም።»

«ምላስሽን ሰብስቢና እጅሽን ዘርጊ።»

ከዘንቢላቸው አንድ በአንድ አወጡ። ከሹራብ የተተረተረ ቀይ፣ ጭብጥ የማይሞላ ሰማያዊ፣ ብጫ ቁራጭ... በመጨረሻ ከዘንቢሉ ሥር አመድማ ጥቅል ወጣ። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው።

«ይኼስ?»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለች አሮጊት።»

«ማን ትባላለች?»

«ለማኝ ስም ይጠይቃል እንዴ? ገና ደጇ ስቆም፣ ሳልናገር፣ ‹ለሕፃኑ ኮፍያ ነው አይደል?› ብላ አወጣችልኝ። ሰባት ወልጃለሁ፣ አንድም አልሞተብኝም ነው ያለችኝ። ማሻ አላህ!»

ተቀበልኩት...

ወዲያው ጣልኩት።

ሞቃት ነው።

«ብብትዎ ሥር ይዘውት ነው እንዴ የመጡት?»

«ኧረ! እያየሽ ከዘንቢሉ አወጣሁት።»

አንስቼ አሸተትኩት። የአራስ ልጅ አንገት ሳይታጠብ ሲከርም፣ ከእጥፋቱ ውስጥ የሚወጣውን ያንን ኮምጣጣ ሽታ ታውቁታላችሁ? እሱን ነው የሚሸተው። ጣቶቼ ላይ እንደ ሞራ ተለጠፈ።

ሳፋ አምጥቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፈዘፍኩት። ውሃው ብጫ ሆነ። ላዩ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ቅቅል ቆዳ ሠራ። ከሥሩ ደግሞ ትንንሽ ቅርፊት ይንሳፈፋል... ከሕፃን አናት እንደሚላጠው ዓይነት።

ደፋሁት። ደግሜ አጠብኩት። ያው ነው።

ክር ዘርዝሬ ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁ። የበግ ፀጉር ይጠቀለላል፣ እጅ ይቧጥጣል። ይኼ ለስላሳ ነው። ጥቁር ከሽበት ጋር የተፈተለ...

«አዴ፣» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ይኼ የሰው ፀጉር ነው።»

«ዝም በይ! ትሰማሻለች።»

«ሽንት ቤት ልክተተው?»

«የተለመነ አይጣልም! አንዱን የጣለ ልጁን ጣለ ማለት ነው። ትንሽም ብትሆን ታስገቢያለሽ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሀሊሜ፣ «ምን ታንሾካሹካላችሁ?» አለች።

«ስለ ወንድ ነው! አንቺን አይመለከትም!»

ሳቀች። ቱሳ ከተወለደ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሳቅ በኋላ ለአዴ ዘሀራ እምቢ ማለት አቃተኝ።

የሕፃን ኮፍያ ከአናት ነው የሚጀመረው። በኪሮሽ ትንሽ ቀለበት ትሠራለህ፣ በቀለበቱ ዙሪያ ትዞራለህ፣ ዙሩን እያሰፋህ ሄደህ አናቱን ሲሸፍን ቀጥ አድርገህ ትወርዳለህ። ያንን ርኩስ ክር ጠርዙ ላይ ላስገባው አስቤ ነበር። ጠርዙ ግን ለልጁ አፍ ይቀርባል። ስለዚህ ከአፉ ሩቅ ይሁን ብዬ አናቱ ላይ፣ መነሻ ቀለበቱን ብቻ በእሱ ሠራሁት።

የክር ጫፍ ሲበተንብኝ በምራቄ አርጥቤ የማሾል ልማድ አለኝ። እጄ ሳላዘው አደረገው።

ጨው... የከረመ ቅቤ... ላብ።

ደጅ ሮጬ ተፋሁ። አፌን በአመድ ፈገፈግኩ። ጣዕሙ ግን ጥርሴ ሥር ተቀመጠ።

ቀለበቱን አጥብቄ ዘጋሁ። መርፌ አያሳልፍም። የቀረውን በቀዩና በሰማያዊው ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር ኮፍያው ያምር ነበር።

ሀሊሜ የቱሳን እርግብግቢት ቅቤ ቀባችና አጠለቀችለት። ሲያለቅስ የነበረው ልጅ በአንዴ ጸጥ አለ። ዓይኑ ግን አልተከደነም።

«አየሽ ጠይባ፣ ወደዳት!»

በማግስቱ ጠዋት ቅቤው የለም።

«ማነው የጠረገው?» አለች ሀሊሜ።

ማንም አልጠረገውም። አናቱ ላይ ያለችው ጸጉር ወደ አንድ ወገን ተኝታለች... ላም እንደላሰችው ጥጃ። የኮፍያው አናትም ረጥቧል። ይዝለገለጋል።

«ድመት ናት፣» አሉ አዴ ዘሀራ።

«ድመት አለን እንዴ?»

«የጎረቤት ትሆናለቻ!»

እንደገና ቀባችው። ማታ ሲታይ የለም። ኮፍያውን ስናወልቅለት በጩኸት ይሰነጠቃል። ስናጠልቅለት ዝም ይላል። ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ምን እናድርግ? አጠለቅንለት።

ቀናት ሲያልፉ ጡት ተወ። ከንፈሩ ደረቀ። ሲያለቅስ እንባ የለውም።

እርግብግቢቱ ደግሞ... ወደ ውስጥ ገባ። ማንኪያ የተጫነበት ገንፎ ይመስል ጎደጎደ።

ሀሊሜ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ግድግዳውን እያየች፣ «ሁለቱም እንዲህ ነው የጀመራቸው፣» አለች። «ይኼ ከሄደ እኔን አትያዙኝ። ሰማሽ ጠይባ? አትያዙኝ።»

ያን ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ነው። አዴ ዘሀራ ጓዳ ገብተው የአስር ሶላት ይሰግዳሉ። ሀሊሜ ድካም ጥሏት አንቀላፍታለች። ቱሳን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ።

ዝናቡ ድንገት አባራ።

ጸጥ ሲል... ሰማሁ።

ጥብ... ጥብ... ጥብ...

ልጅ ጡት ሲጠባ የሚሰማው ድምፅ ነው። የቱሳን አፍ አየሁ። ተዘግቷል።

ጆሮዬን ዝቅ አደረግኩ።

ጥብ... ጥብ...

ከኮፍያው ውስጥ ነው።

የኮፍያው አናት ወደ ታች ሳብ ይላል፣ ይለቃል። ሳብ... ይለቃል።

ያዝኩና መነጨቅሁት። አልመጣም! ተለጥፏል። አጥብቄ ስስበው እንደ ንፍጥ የሚዘረጋ ነገር እየጎተተ ተላቀቀ። ገልብጬ አየሁ።

መርፌ የማያሳልፈው ቀለበት ተከፍቷል። ዙሪያው አብጧል። ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው... ጥርስ እንዳልወጣበት ድድ።

ጣቴን ሳስጠጋው ተጨማደደ።

 ቱሳን እናቱ አጠገብ አስተኝቼ፣ ኮፍያውን ጣሳ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ አዴ ዘሀራ፣ ጫማ እንኳ ሳያደርጉ እየተከተሉኝ።

«ልመልስላት።»

«የተለመነ አይመለስም!»

«እንግዲያው እኔው እዚያው እቀራለሁ!»

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጉርሙ፣ ባለ ወፍጮው፣ ዱቄት ለብሶ ቆሟል።

«በዚህ ጭቃ ወዴት ነው ቆንጂት?»

«ከጀርባህ ካለችው አሮጊት ቤት።»

ሳቁ ጠፋ። «ስንት ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ አንድ ቁና እህል አስፈጭታ አታውቅም። ምን እንደምትበላ እንጃ። ስትወጪ ንገሪኝ።»

በሩ ክፍት ነበር። አዴ ዘሀራ ደጅ ቀሩ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ።

አሮጊቷ ንጹሕ ነበረች። ነጠላዋ ከእኔ ይልቅ ይነጣል። አንቺ ልላት አማረኝ፤ የለመደ አፌ ግን እርስዎ አለ።

«ክርዎን ይውሰዱ!»

«ነይ ግቢ፣ ባለ እጅ።» ኮፍያውን ከጣሳው አወጣች። ጣቷን በቀለበቱ ውስጥ አዙራ... አፏ ውስጥ ከታ መጠጠችው። «ጥሩ ልጅ ነበር፣» አለች።

«ነው! አልሞተም!»

«ይሁን። ነው።»

«ልጆችዎ የታሉ? ሰባቱ?»

«የት ይሄዳሉ? ገና ሕፃናት አይደሉ?»

መጋረጃውን ገለጠችው።

ቁርበት ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። በጨርቅ የተጠቀለሉ። እያንዳንዳቸው ከክንዴ አይበልጡም።

ፊታቸው ግን...

ቆዳቸው ተሸብሽቦ ዓይናቸው ላይ ወርዷል። ጆሯቸው የትልቅ ሰው ጆሮ ነው፣ ከውስጡ ጠጉር በቅሏል። አገጫቸው ላይ ሽበት አለ። አናታቸው በመቀስ እዚህም እዚያም ተሸልቶ ቅርፊት ሠርቷል። የክሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

ሁሉም በአንዴ ወደ እኔ ዞሩ። አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ነጭ ነው።

አሮጊቷ ኮፍያውን ዳር ለተኛው አጠለቀችለት። በልኩ ነበር። ዓይኑን ጨፈነና ከሥራ እንደገባ አባወራ ተነፈሰ።

«የእኔ ትንሽ፣» አለችው፣ «ባዶ አፍህን ልታድር ነው እንግዲህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ቀረበች። የሹራቤን ቁልፍ ዘጋችልኝ። መዳፏን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ቆየች።

«ብርድ እንዳይገባሽ፣» አለች።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጉርሙ ጠራኝ፤ አልቆምኩም።

«ምን አየሽ?» አሉ አዴ ዘሀራ እያለከለኩ።

«ምንም።»

ቤት ስንደርስ ልቅሶ ሰማን። 

የቱሳ ነው! ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያለቅሳል፣ እንባው እስከ ጆሮው ይወርዳል። ሀሊሜ ጡቷን ሰጠችው። ያዘ። ሳበ። ወተቱ በአገጩ ፈሰሰ። አዴ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። እህቴ እየሳቀች ታለቅሳለች።

«ጠይባ፣ እይው! ነከሰኝ እኮ፣ ያለ ጥርሱ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ሳቋ ቆመ።

«ጠይባ...»

«እ?»

«ደረትሽ ላይ... ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሹራቤ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት። እያየኋቸው ይሰፋሉ።

«ዝናብ ነው፣» አልኩ።

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ዝናብ ደግሞ አይሞቅም።

በጣቴ ነካሁት።

ነጭ ነው።

ባል አላውቅም። አልወለድኩም።

ሀሊሜ ቱሳን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። 

ያን ጊዜ ከደጅ፣ ከተዘጋው በር ሥር፣ ከቁርጭምጭሚት በማይበልጥ ከፍታ ላይ...

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።