ባለ ቋጠሮው ብልቃጥ

የትምህርት ቤቱ ባለቤት አልጋዋ ላይ በጎኗ እንደተኛች ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። የልብ መድኃኒቷን ከልክ በላይ ወስዳለች፤ ተነሥታ ራሷ እንዳትቀዳ ደግሞ ሰሞኑን ከአልጋ የመውረድ አቅም አልነበራትም። ስለዚህ የሰው እጅ አለበት።

መርማሪዋ የተጠራችው ለዚህ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ ሁሉ ያልፍባታል፣ ጠጠሩ ግን ይቀርላታል። አለቃዋ በስልክ «አስተማሪዋን ይዘሽ ነይ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ነገሩን በራሱ ጨርሶታል። አስተማሪዋ «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለች ስታለቅስ ነበርና ማን ይፈርድበታል? ለትምህርት ቤቱ ያለችው አስተማሪ ግን እሷ ብቻ ናት። እሷ ከተያዘች ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹም «ደነዝ» ብሎ ወዳባረራቸው ቦታ ይመለሳሉ።

ቤቱ ትንሽ ነው። ከፊት መማሪያ ክፍል፣ ከኋላ ቢሮ፣ ከቢሮው ቀጥሎ ሟቿና ባሏ የሚያድሩበት መኝታ ቤት። የሚማሩት ፊደል እንቢ ያላቸው ልጆች ናቸው። ወለሉ ላይ በወፍራም ገመድ ፊደል ተሠርቷል፤ ልጆቹም አስተማሪዋም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው መስመሩን በባዶ እግር ይረግጡታል። ወንበሮቹ ሁሉ ድንክዬ ናቸው። ከኋላ ጥግ ላይ ብቻ ማንም የማይቀመጥበት አንድ የትልቅ ሰው ወንበር አለ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ባልየውን ነው። መነጽራም ሰው ነው፤ ጋዜጣ ከብብቱ ስለማይለይ የቤቱ ሰው በሌለበት «ጋሽ ጋዜጣ» ይለዋል። የቢሮውን በር ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«መድኃኒቱ ሁለት ብልቃጥ ነው፤ በምን ይለያል?» አለችው።

«አንዱ ብርቱው ነው፣ በጠብታ ተቆጥሮ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሌላው የቀጠነው ነው፣ በመለኪያ ይጠጣል። የምንለየው በሪባን ነው። እዚህ ቤት ሁሉ ነገር በምልክት ነው፤ ባለ አረንጓዴው ደህና፣ ባለ ቀዩ አትንካ። ሕፃን እንኳ አይሳሳትም።»

«ዛሬ ጠዋት ማን ሰጣቸው?»

ጋዜጣውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «አስተማሪዋ ትመስለኛለች። እኔ ትናንት ነው ከመንገድ የገባሁት፤ ቢሮ ውስጥ ጋደም ብዬ የጫማዋን ኮቴ ሰምቻለሁ።»

ከጀርባው፣ በሩ ላይ፣ በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። መርማሪዋ በትከሻው ላይ አሻግራ አነበበችው።

መኝታ ቤት ገብታ ብልቃጦቹን አየች። የቀጠነው አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን ተጠምጥሞበታል፣ ልሙጥ። ብርቱው ባለ አረንጓዴ ነው፤ ሪባኑ ላይ በጣት የሚዳሰስ ወፍራም ቋጠሮ አለበት። የጎደለው ብርቱው ነው፤ የጎደለውም ልክ አንድ መለኪያ ነው። መለኪያው ታጥቦ ተደፍቷል።

አስተማሪዋ ዓይኗ አብጧል።

«ሪባኑን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ጋሼ መንገድ ሳሉ ቀይና አረንጓዴ የማይለይላት አዲስ ልጅ መጣችልን። እትዬ ተስማምተው ቀለሙን ተውነውና ቋጠሮ አደረግነው፤ የተቋጠረ አትንካ፣ ያልተቋጠረ ደህና። ባገኘሁት ሪባን ሁሉ አሰርኩ። ለልጆቹ በእጃቸው አስዳሰስኳቸው፣ ለትልልቆቹ በሩ ላይ ጽፌ ለጠፍኩ። ምናልባት ስቋጥር ተሳስቼ ይሆናል።»

«አልተሳሳትሽም፤ ዳስሼዋለሁ። ጠዋት ከክፍል ወጥተሽ ነበር?»

«ልጆቹን ትቼ? በፍጹም። ጫማዬም እስካሁን በር ላይ ነው።»

ወጥ ቤቷን ድስት እየፈተገች ነው ያገኘቻት።

«ከሟቿ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ጨው አበዛሽ ይሉኛል፣ አላበዛሁም እላለሁ። በጨው ሰው ይገደላል እንዴ? ጠዋት ገበያ ነበርኩ፤ የአትክልት ነጋዴዎቹን ጠይቂ።»

«የቋጠሮውን ነገር ያውቁ ነበር?»

«እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም፤ በሩ ላይ ወረቀት ሳይ ‹ምን ይላል?› ብዬ አስተማሪዋን ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? ምን ያሳፍራል?»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ቆም አለች። ከዚያ ወደ ባልየው ተመልሳ የሰጠውን ቃል ጽፋ አቀረበችለት። «አንብበው ይፈርሙልኝ።»

መነጽሩን አስተካከለ፤ ወረቀቱን ደህና አድርጎ ያዘ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ።

የሚያነብ ሰው ዓይን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። የዚህ ሰው ዓይን ወረቀቱ መካከል ላይ ተተክሎ ቀረ። ወንፊት ብዙ ሌባ፣ ብዙ ውሸታም አይታ ፊቷ ቀልቶ አያውቅም። አሁን ግን ሰው ልብሱን ሲለውጥ በር ከፍታ የገባችበት ያህል አፈረች።

ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከተሸኙ በኋላ ሦስቱንም ሰዎች መማሪያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስተማሪዋና ወጥ ቤቷ ድንክዬ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ባልየው ቆመ። መርማሪዋ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ገንጥላ «እስቲ ያንብቡልን» ብትለው ነገሩ ባንድ አፍታ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አስተማሪዋ የሟቿን ሕግ ነግራታለች፤ እዚህ ቤት ማንም ሰው ራሱ ሳይፈቅድ አንብብ አይባልም። ስለዚህ ወረቀቱን ባለበት ተወችው።

«የተቀዳው ብርቱው ነው፣ የተቀዳውም በመለኪያ ነው» ብላ ጀመረች። «መግደል የፈለገ ሰው የቀጠነው የሚሰጥበትን ልክ ጠብቆ አንድ መለኪያ ብቻ አይቀዳም። ይህ ስሕተት ነው፤ መለኪያውንም በኋላ የደነገጠ ሰው አጠበው። አሁን፣ ቋጠሮውን የሚያውቅ ሰው ቋጠሮ ያለበትን አይነካም። የሚነካው አረንጓዴ ደህና ነው ብሎ እስካሁን የሚያምን ነው። አስተማሪዋ ቋጠሮውን ራሷ አሰረች። ወጥ ቤቷ ጠይቀው ሰሙ፣ ደግሞም ገበያ ነበሩ። አንድ ሰው ግን ዛሬ የቀለሙን ሕግ ነገረኝ፤ ሕጉ መለወጡን የሚናገረው ወረቀት ከጀርባው ተለጥፎ ሳለ።»

ባልየው ዘወር ብሎ የቢሮውን በር አየ።

«ያ ሰው የአስተማሪዋን የጫማ ኮቴ ሰማሁ አለኝ። አስተማሪዋ ጠዋቱን ሙሉ በባዶ እግሯ ነበረች።»

«ከመንገድ ገና መግባቴ ነው፣ ወረቀቱን ልብ አላልኩትም» አለ ባልየው።

«እንዳሉት ይሁን» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ሌላ አልጠይቅዎትም።»

ይህን ጊዜ ወጥ ቤቷ ቀና ብላ ጋዜጣውን አየችው፤ ሁልጊዜ የሚይዘው ያው አሮጌው፣ ጠርዙ የተበጣጠሰው ነው። ወዲያው አንገቷን ደፋች። እሱም አስተያየቷን አየ፣ ጋዜጣውም ከብብቱ ወደቀ።

«ማንበብ አልችልም» አለ። «ሁልጊዜ ‹ዓይኔ ደክሟል› ስል እሷ ታነብልኝ ነበር። ዛሬ አረንጓዴውን ቀዳሁላት። ‹በጣም መረረኝ› አለችኝ። ‹ጠጪው፣ ደህናው ነው› አልኳት። አምናኝ ጠጣችው።»

«ታዲያ በእኔ ላይ ለምን?» አለች አስተማሪዋ።

«እሷ ስትሞት፣ የሆነ ነገር ተለውጦ ሳላነበው እንደቀረሁ ገባኝ፤ ምኑ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እኔ ነኝ ካልኩ ለምን ተሳሳትክ ሊሉኝ ነው። ገዳይ መባሉን እችለው ነበር። ፊደል የማይለይ መባሉን ግን አልቻልኩም። አንቺ ብትታሰሪ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን አሰብኩ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ይህ ሰው ደብቆ ደብቆ መድኃኒቱን ለሚስቱ መርዝ አደረገው።

አስተማሪዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እኔስ? እዚህ ቤት፣ ማንበብ በሚያስጨንቅበት ቤት፣ ወረቀት ለጥፌ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ሁሉ ያነባል ብዬ። ከማስተምራቸው ልጆች ምን ተማርኩ?» ከዚያ እጇን አወረደች። «ጋሼ፣ ያቺ ጥግ ያለችው ወንበር የማን ናት?»

«የተቆጣጣሪ» አለ።

«እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ላወጣት ስል እትዬ ተቆጡኝ። ‹የሚያፍር ተማሪ አለኝ፤ ይህን ቤት የከፈትኩት ለእሱ ነው፤ እስኪመጣ ወንበሩን አትንኪብኝ› አሉኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ባልየው ጫማውን አወለቀ። በገመዱ ፊደል ላይ በባዶ እግሩ እያለፈ እስከ ጥጉ ሄደና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልኩ ነበር። ከዚያ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

መኪናው ውጪ እየጠበቀ ነው፣ አለቃዋም እየደወለ ነው። ወንፊት ስልኩን ዘጋችው። «ይነሡ» ማለት ሥራዋ ነበር፤ አፍራ እሷም አንድ ድንክዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።