የቦራ ኮቴ

ሙት መጣ፣ መንፈስ ታየ የሚሉ ሰዎችን እየሳቅኩባቸው ነው የኖርኩት፣ ፋርማሲ ውስጥ የምሰራ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት የምፈልግ ሰው ነኝ፣ አሁንም አላምንም፣ ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

አባዬ እዚሁ አዳማ ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ነድቶ ነው ያሳደገን። የመርሳት ሕመም ከያዘው ወዲህ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፣ "አባዬ፣ ልጅህ ነኝ" ስለው "የማን ልጅ?" ይለኛል፣ ይሄ አንጀቴን ነው የሚበላው። አንድ ቀን አልበላም ብሎ አፉን ሲዘጋብኝ፣ ድሮ ፈረሱን ቦራን እንደሚያባብለው ምላሴን ቋ አድርጌ "ኮቱ፣ ኮቱ" አልኩት፣ በኦሮምኛ "ና፣ ና" ማለት ነው፣ ሳቀና ጎረሰ። ከዚያ ወዲህ የምንግባባው በዚሁ ነው፣ ሐኪም ያልነገረኝን መድኃኒት ራሴ አገኘሁ ብዬ እኮራ ነበር።

አንድ ለት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ፣ ሻማ ፈልጌ ስመለስ የግቢው በር ክፍት ነው፣ አባዬ የለም። ንፋሱ አቧራውን ያነሳዋል፣ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱም ነጠላቸውን እየደረቡ ወጡ፣ ሁለታችንም ስሙን ብንጠራ መልስ የለም። "ልጄ፣ ትልቁ አስፋልት ላይ ከወጣ መኪና ይገጨዋል" ሲሉኝ ወደ በሩ ሮጥኩ። ያኔ ነው ምላሴን ቋ አድርጌ "ኮቱ" ያልኩት።

እመኑኝ፣ ኮቴ ሰማሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እያለ የሚመጣ ኮቴ፣ ከሱ ጋር ቃጭል። በኛ ሰፈር እኮ ጋሪ ከቀረ ቆየ፣ ሁሉም ባጃጅ ሆኗል። አዴ ጫልቱ "ፈረስ ነው እንዴ?" አሉ፣ ብቻዬን አልሰማሁም ማለት ነው። ድምፁ በራችን ላይ ቆመ፣ ከአቧራው ውስጥ አባዬ ብቻውን ወጣ፣ ልጓም እንደያዘ ሰው እጁን ጨብጦ።

"ማን አመጣህ?" አልኩት።

"ቦራ ነዋ። ፉርሽካውን ስጪው፣ ደክሞታል።"

ቦራ የሞተው እኔ ተማሪ እያለሁ ነው። የአባዬን እጅ ሳጥበው ግን የፈረስ ላብ ሸተተኝ፣ ይሄን ሽታ አልስተውም፣ ከሱ ጋር ነው ያደግኩት።

አሁን ማታ ማታ በሳፋ ፉርሽካ ግቢ ውስጥ አኖራለሁ፣ ለአባዬ ደስታ ብዬ ነው። ጠዋት ሳፋው ባዶ ነው። የሰፈር ፍየል ይሆናላ እላለሁ፣ በሩን የምቆልፈው ግን ራሴ ነኝ።

ትናንት ሳጎርሰው "ማን ነኝ?" ብዬ ጠየቅኩት። ፊቴን ቢያይ ቢያይ አላወቀኝም፣ ከዚያ ወደ በሩ ዘንበል ብሎ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየ።

"እኔ አላውቅሽም" አለኝ፣ "ቦራ ግን ልጅህ ናት አለኝ።"

አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ። ዛሬም ሳጎርሰው ምላሴን ቋ ማድረጌ አይቀርም፣ መጀመሪያ ግን በሩን አያለሁ።