ባዶ ነው ብዬ የፈረምኩበት ታንከር

ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ዛሬም አምናለሁ አልልህም፣ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከበቀለ በኋላ ነው፣ ያን ያህል የለፋሁት ደግሞ በስተርጅና ተረት ላወራ አይደለም። የሆነውን ግን እንደሆነ እነግርሃለሁ፣ ካላመንከኝ ተወው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኦክላንድ እየኖርኩ፣ አርባ ደቂቃ እየነዳሁ አንድ የመንግሥት የጦር መርከብ መሥሪያ ግቢ እሠራ ነበር። ስሙን አልጠራልህም፣ አይገባውም። መጀመሪያ የእንጨት፣ ኋላ የብረት፣ በመጨረሻም ሰርጓጅ መርከብ እየሠሩበት፣ አባት ልጁን እያስገባ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ከዚያ ዋሽንግተን የተቀመጡ ሰዎች ይዘጋ አሉ፣ አለቀ። የቧንቧ መሸፈኛ ብናኝ ሳንባቸውን ለበላባቸው ሽማግሌዎች የስንብት ኬክ ተቆረሰላቸው፣ እያሳሉ በሉ። ንቀት ማለት ይኸ ነው።

የኔ ሥራ እሳት ጥበቃ ነው። በያጁ ከብረቱ ወዲያ ሲበይድ እኔ ወዲህ ማጥፊያ ይዤ እቆማለሁ፣ መተያየት ስለሌለ የምንነጋገረው በመዶሻ ነው፣ አንድ ምት ዝግጁ ነኝ፣ ሁለት ጀምር፣ ሦስት አቁም ሰው አለ። በያጁ ሰለሞን ይባላል፣ ከሳን ሆዜ የሚመላለስ ጴንጤ፣ እኔ ቤት መኪናውን አቁሞ በኔ መኪና ነው አብረን የምንሄደው።

የመጨረሻው ሰርጓጅ በማግስቱ ተጎትቶ ሊሄድ ስለሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ታንከር በብረት እንድንዘጋ ታዘዝን። ታንከር የገባ ሠራተኛ ሁሉ ቁጥሩ የተቀረጸበትን የናስ ምልክት ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፣ ሲወጣ ይነቅላል፣ ሰሌዳው ላይ አንድም ቁጥር ሳይቀር ሲነቀል እሳት ጠባቂው ከመርከቡ ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይ ባዶ ነው ብሎ ይፈርማል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ምንም የለም። እስክሪብቶዬን ሳወጣ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፣ ረጋ ብሎ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሚመታው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ ሰለሞን።

«እጄን አታየውም? እስክሪብቶ ነው የያዝኩት።»

ባትሪ ይዤ በሆዴ ተስቤ ገባሁ። እመነኝ፣ ጥግ ጥጉን በእጄ ዳሰስኩ፣ ዝገት እንጂ ሰው የለም። ወጥቼ ገና ወገቤን ሳላቀና ደገመው፣ ሦስት።

«ብረት ሲግል እኮ ይጮኻል» አለ ሰለሞን።

«ሲግል መቁጠርም ይችላል?»

«ልጸልይልዎት?»

«ለፎርማኑ ጸልይለት።»

አለቃችን ፎርማኑ ተጠርቶ መጣ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ወደ ታንከሩ ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

«የተሰቀለ ቁጥር አለ?»

«የለም፣ ግን ከውስጥ ይንኳኳል፣ አሥር ደቂቃ ስጠኝ።»

«ቁጥር ከሌለ ሰው የለም። ካልፈረምክ ትራንስፈሩን እርሳው።»

ትራንስፈር ማለት ሌላ ወደብ ተዛውሮ ሥራ መቀጠል ነው። ሚስቴ የልብ ኦፕሬሽን ትጠብቅ ነበር፣ ኢንሹራንሷ በኔ ሥራ ነው፣ ሰውዬው ይኸን አሳምሮ ያውቃል። እንኳን ሰው፣ ውሻ እንዲህ አይያዝም። ፈረምኩ። ሰለሞን የፊት መከላከያውን አወረደና መበየድ ጀመረ፣ እኔ በብየዳው ድምፅ ላይ ሌላ ነገር እንዳልሰማ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስንመለስ፣ በርክሌ ከተማ ስንደርስ ሰለሞን ወደኔ ዞረ።

«ዙሪያውን ስበይድ ይመታ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አላቆምክም?»

«እርስዎ ፈርመዋላ።»

«ኋላስ?»

«የመጨረሻዋን ጥግ ስዘጋ ዝም አለ።»

ትራንስፈሩን ሰጡኝ፣ ሚስቴም ዳነች። የሄድኩበት ወደብ ደግሞ ያረጁ ሰርጓጆች ተጎትተው የሚቆራረጡበት ሆኖ ተገኘ። የኛው ሰርጓጅ ተራ ደርሶ ታንከሩን በሚከፍቱበት ቀን እሳት ጠባቂ ሲፈለግ ስሜ ተጠራ። ታምሜያለሁ ብዬ ቤቴ ዋልኩ። ማን እንደከፈተው አልጠየቅኩም፣ በማግስቱ ሥራ ስገባ ግን ፊርማዬን ወረቀቱ ላይ ካዩት ከመቁረጫው ሠራተኞች አንዱም ሰላም አላለኝም።