ማንም ያልከፈተው ዲስክ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። የሞተ ሰው ጠራን፣ ዕቃ ብቻውን ተንቀሳቀሰ የሚሉ ሰዎችን «መጀመሪያ እንቅልፋችሁን ጥገቡ» እያልኩ የማሾፍ፣ ማሽን ያልታዘዘውን አይሠራም፣ ከተበላሸም ያበላሸው ሰው ነው ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። በጌታ አምናለሁ፣ ሰይጣንም አለ እላለሁ፣ ግን ሰይጣን ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? ዛሬም ቢሆን ስም አልሰጠውም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ከስድስት ዓመት በፊት አያት አካባቢ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል ውስጥ አገለግል ነበር፣ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ጳውሎስ ነበሩ፣ ከሆሳዕና የመጡ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፣ የመዘምራኑን መዝሙር፣ በሕይወት የሌሉ አባቶችን ምስክርነት፣ የሃያ ዓመት ቅጂ በሙሉ አንድ ዲስክ ላይ የሰበሰቡ። አንድ ቀን እሳቸው ለለቅሶ ሆሳዕና ሄደው ሳለ አዲስ የተገዛ ዲስክ ላዘጋጅ ብዬ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ ዲስኩን ጠርጎ ባዶ የሚያደርግ ትእዛዝ ጻፍኩ። ትእዛዙ መጨረሻ ላይ የትኛው ዲስክ እንደሆነ የምትለይ አንዲት ፊደል አለች፣ እኔ የአሮጌውን ፊደል ጻፍኩና ኢንተር ተጫንኩ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ጌታ ሆይ!» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ልመልሰው ብዬ ስነካካ ይባስ ሌላ ነገር ጻፍኩበትና ሃያው ዓመት ላይመለስ ጠፋ።

ጋሽ ጳውሎስ ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ ሰበሰቡን። እሳቸው በዚያ ሰሞን ከመዘምራን መሪው ጋር ተቀያይመው ስለነበር ነገሩ ወዲያው «ቂም ይዘው ነው ያጠፉት» ተባለ። እኔም ተጠየቅኩ፣ «አላውቅም» አልኩ፣ አንድ ቃል ናት እኮ፣ ግን የሰውየውን ስም ይዛ ሄደች። ቁልፋቸውን አስረከቡ፣ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ» አሉኝ፣ የተባረሩት እሳቸው፣ አይዞሽ የምባለው እኔ! ከዚያ ወዲያ የትም አላገለገሉም፣ አምና አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር፣ ባለቤታቸውን እትዬ ወርቅነሽን እንኳ ቀርቤ አላጽናናሁም።

ባለፈው ክረምት ታዲያ እኚሁ እትዬ ወርቅነሽ ደወሉልኝ።

«ሕይወት፣ ልጄ፣ እስቲ ብቅ በይልኝ። የጋሽሽ ዲስክ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ እየተንቀጫቀጨ አስቸገረኝ።»

«አይጥ ይሆናላ፣ እትዬ።»

«የአይጥ ድምፅማ አላጣውም፣ ልጄ። ደግሞ እሱ ራሱ ሳያርፍ፣ ዲስክ ከተገኘ ለሕይወት ስጫት፣ ብሎኛል። አንቺ ካልሆንሽ ማን ይነካዋል?»

እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ላፕቶፔን አዝዬ ወጣሁት፣ ዝናቡ አባርቶ ጉም ከባሕር ዛፎቹ መሐል ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፣ የራሴ ጫማ ድምፅ እንኳ ከሌላ ሰው እግር የሚመጣ ይመስል ነበር። እትዬ ወርቅነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፣ ከስተዋል፣ ስመው ሲያስገቡኝ ግን እንደ ልጃቸው ነው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የለም፣ የጋሽ ጳውሎስን ኮምፒውተር ገና ተዝካሩ ሳይደርስ—እነሱ ተዝካር አያወጡም እንጂ፣ ጊዜውን ልንገራችሁ ብዬ ነው—የወንድማቸው ልጅ ወስዶታል። ዲስኩ በፎጣ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ጥቁር፣ ተራ፣ ገመድ ያልተሰካበት።

ሰካሁትና ከመክፈቴ በፊት መረጃውን አየሁ። ዲስክ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ አለ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይቆጥራል፣ መጨረሻ የተከፈተበትን ሰዓት ይጽፋል፣ ይህን ሁሉ በአንዲት ትእዛዝ ማንበብም ማስተካከልም ይቻላል። መጨረሻ የተከፈተው «ዛሬ ጠዋት» ይላል።

«ጠዋት ሰው ነክቶት ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ይነካዋል? ብቻዬን እኮ ነኝ። ጠዋት ግን ተንቀጫቅጯል።»

ሰዓቱ ተዛብቶ ይሆናል አልኩ፣ ለሁሉ ነገር ምክንያት አይጠፋኝም። ቆጣሪውን በትእዛዝ ወደ ዜሮ መለስኩት፣ ዜሮ መሆኑን አየሁ፣ ገመዱን ነቀልኩና እጄ ላይ ጠቀለልኩት። እትዬ ወርቅነሽ ሻይ ቀዱልኝ። ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳልኩ ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አለ። ዝም አለና ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ያ የምናውቀው ቀጭን የመዞር ድምፅ። በጌታ ስም እነግራችኋለሁ፣ ገመዱ እጄ ላይ ነው! እትዬ ወርቅነሽ አልደነገጡም፣ «ይኸው» ብቻ አሉ።

ድምፁ ሲቆም መልሼ ሰካሁት። ቆጣሪው አሥራ አንድ ይላል። መጨረሻ የተከፈተው ከሁለት ደቂቃ በፊት።

ልተወው ይገባ ነበር፣ ግን ከፈትኩት። ሁሉም አለ! የጠፋው ሃያ ዓመት፣ መዝሙሩ፣ የሞቱት አባቶች ምስክርነት፣ በጋሽ ጳውሎስ አሰያየም በዓመተ ምሕረት ተደርድሮ። መልሰው አግኝተውት ይሆን ብዬ ፋይሎቹ የተጻፉበትን ቀን አየሁ፣ አንድ ሳይቀር ከቀብራቸው በኋላ የተጻፉ ናቸው። ከሁሉ መጨረሻ ስም የሌለው አንድ የድምፅ ፋይል ነበር፣ አርባ ሰከንድ። እትዬ ወርቅነሽ ወንበራቸውን አስጠግተው «እሱን ክፈቺው» አሉኝ።

መጀመሪያ የኪቦርድ ድምፅ ነው፣ ፈጠን ፈጠን ያለ። ቀጥሎ አንዲት ከበድ ያለች ምት። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ጌታ ሆይ!»

ያን ቀን ምንም መቅረጫ አልበራም ነበር፣ ክፍሉን እኔው ነኝ ከፍቼ የገባሁት።

«ያንቺ ድምፅ አይደለም እንዴ?» አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ፣ ዓይኔን እያዩ።

«አይደለም» አልኩ።

አያችሁ? የሞተ ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ባለቤታቸው ዓይን ዓይኔን እያዩኝ፣ የገዛ ድምፄን ካድኩ። እሳቸው ዲስኩን በፎጣው መልሰው ጠቀለሉና «ውሰጂው፣ ቅጂው የቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ስጫቸው» አሉኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ያችን የአርባ ሰከንድ ፋይል ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩና ከዲስኩ ላይ አጠፋኋት። ይህንንም አደረግኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እሑድ ዲስኩን ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ፣ እልልታው አዳራሹን ሞላው። ሰብሳቢው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «ለካ ይዘውት ነበር! ይኸን ሁሉ ዓመት ደብቀውብን!» እስካሁን ያጠፋ ይባል የነበረው ሰው አሁን ደግሞ የሰረቀ ሆነ። ደሜ ፈላ፣ ወይም አፈርኩ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጋሽ ጳውሎስ ምንም አላደረጉም» አልኩ። ስድስት ዓመት የፈራሁት ቃል ነው። ሰብሳቢው ትከሻዬን ያዙና «እህት ሕይወት፣ ቅጂው እንደሆነ ተገኝቷል፣ እሳቸውም አርፈዋል፣ ያለፈውን መቆፈር ለማን ይጠቅማል?» አሉኝ። ደግሞም ተረጋጊ ብለው ጸለዩልኝ። እውነቱን የሚፈልገው አልነበረም።

ስለዚህ ለሚፈልገው ሰው ደወልኩ።

«እትዬ፣ ድምፁ የእኔ ነው» አልኩ። «ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «እሱም ከለቅሶው የተመለሰ ዕለት ነው ያወቀው። ትናገራለች፣ ልጅ ናት፣ ጊዜ እንስጣት አለ።»

ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሳቸው ግን አላባበሉኝም፣ እስክጨርስ ጠበቁና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከማንም። ብቻዬን ነበርኩ፣ እትዬ፣ እምላለሁ።»



«ታዲያ ቅጂው ላይ ካንቺ ጎን የሚተነፍሰው ማን ነው?» አሉና ዘጉት።

ፋይሏ ላፕቶፔ ላይ አለች። አርባ ሰከንድ ናት። እስከ ዛሬ ደግሜ አልከፈትኳትም።