ያልተፈረመው ማመልከቻ

ጠበቃ ኦስዊን ፕሪቻርድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከጠረጴዛው ሥር ሞቶ ተገኘ። የተመታበት የነሐስ ወረቀት መጫኛ አጠገቡ ወድቋል። በለንደን የጠበቆች ግቢ ሰው የሚረታው በክርክር እንጂ በነሐስ አልነበረምና ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ኢንስፔክተር ፕራቲማ ሶላንኪ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው የውጭውን በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ መክተት ነው። በሥራዋ አንቱ የተባለች ሴት ናት፤ ይህንንም ራሷ አሳምራ ታውቀዋለች።

«ነገሩ እስኪለይለት ማንም አይወጣም» አለች።

ጠበቆቹ ተጋርተው በሚሠሩበት ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አልፎንሰስ ቴሌስፎርድ፣ ከግሬናዳ ደሴት በዚያው ጠዋት የገቡ ጡረተኛ መምህር። አንድ የሆቴል ኩባንያ የመንደራቸውን የባሕር ዳር መቃብር ሊያርስባቸው ተነስቷል፤ እናታቸውም ያረፉት እዚያው ነው። የደሴቱ ፍርድ ቤት የጣለው እግድ በለንደን ከቀትር በኋላ አስር ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በፊት ጠበቃ የፈረመበት ማመልከቻ የደሴቱን የመጨረሻ ይግባኝ ለሚሰማው የለንደን ፍርድ ቤት ካልገባ፣ ማሽኖቹ ሞተራቸውን አሙቀው ቆመዋል።

ሽማግሌው ፕሪቻርድን በጠበቃነት የያዙት ከባሕር ማዶ ሆነው ነው። ስምንት ወር ሙሉ ተጻጻፉ፤ የፓስፖርታቸውን ቅጂ አስመስክረው ላኩ፣ የመንደሩን ሰው ቃል አንድ በአንድ ጽፈው ላኩ። ፊቱን ግን አይተውት አያውቁም። ጠዋት ሲደርሱ ጥቂት ይጠብቁ ተባሉ። ዝናብ የመታውን አረንጓዴ ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፤ ሌሊቱን ሲበሩ አድረዋልና ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጣላቸው።

«ልጄ፣ ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አሏት ሶላንኪን።

«ይደርሳል አባት። ይቀመጡ።»

ሁለተኛው የቤቱ ዋና ጸሐፊ ሌን ኩቢት ነው፤ ለጠበቆቹ ጉዳይ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሰባት ተኩል ላይ የሌላ ደንበኛ ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት እንደነበር መዝገቡ ላይ ፈርሟል፤ ሬሳውንም ያገኘው ሲመለስ ነው። ድሮ ደንበኛ በመካከለኛ እንጂ በቀጥታ ጠበቃ ዘንድ እንደማይደርስ እያነሳ ተነጫነጨ። ሦስተኛው ሴሲል ዳንቨርስ፣ ፊት ለፊት ክፍል የሚሠራ ጠበቃ፣ በሐዘን ራሱን ነቀነቀና «ሽማግሌው ተስፋ ቆርጠው ይሆናል» አለ።

የግቢው አትክልተኛ ደግሞ ሰባት ተኩል ላይ አረንጓዴ ካፖርትና ባርኔጣ በመስኮቱ አይቷል።

«ፊቱንስ?» አለችው ሶላንኪ።

«ጀርባውን ነው ያየሁት። ሟቹ ተነስቶ ከፈተለት። ሁለቱም በራሳቸው ብቻ ሰላም ተባባሉና ገባ።»

«አልተጨባበጡም?»

«ኧረ እጅም አልዘረጉ።»

ሶላንኪ ፈገግ አለች። የዳንቨርስን ክፍል አስፈተሸችና ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሁሉንም ሰበሰበች። ይህን ሰዓት ትወደዋለች። ሰው ዐይን ዐይኗን ሲያያት ቃሏ ይረጋል፣ አትቸኩልም። ሌን እጁን አንስቶ ጎረቤት ደርሶ እንዲመለስ ለመናት።

«የትም አትሄድም» አለችው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ከሥሩ ጀመረች። ሽማግሌው ሊፈርምላቸው የሚችለውን አንድ ሰው ገድለው ምን ያተርፋሉ? ካፖርቱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ባለቤቱም ተኝተው ነበር፤ የፈለገ ይለብሰዋል። ሽማግሌው ሰዓታቸውን እያዩ ሁለት ጊዜ ሊነሱ ሞከሩ፤ ሁለቴም በእጇ ምልክት አስቀመጠቻቸው።

«እናንተ የችሎት ጠበቆች እርስ በርሳችሁ አትጨባበጡም» አለች ቀስ ብላ። «የቆየ ወግ ነው፤ በመካከላችሁ መተማመን አለ ይባላል። ደንበኛ ሲሆን ግን ትጨብጣላችሁ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ በደብዳቤ ብቻ የሚያውቁት ደንበኛ በሩ ላይ ቢቆም ፕሪቻርድ እጁን ይነፍገዋል? የገባው የሙያ ባልደረባው ነው። ሰባት ተኩል ላይ ከእሱ ሌላ እዚህ ቤት የነበረው ጠበቃ አንድ ነው።»

ዳንቨርስ ሳቅ አለ። «የሆቴሉ ጠበቃ እኔ ነኝ፣ አልደበቅኩም። በአንድ ቤት ሆነን በተቃራኒ ወገን መቆም ይፈቀድልናል።»

«መቆም ይፈቀዳል። መስረቅስ?» ከዳንቨርስ መሳቢያ የወጣውን የመንደሩን ሰዎች ቃል ቅጂ ዘረጋችው፤ ዳርና ዳሩ ላይ የሟቹ የእጅ ጽሑፍ አለ። «ፕሪቻርድ ደርሶብሃል። ቢናገር ከሙያህ ትሰረዝ ነበር።»

ዳንቨርስ ቅጂውን ገፋ አደረገው። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ።

ያን ጊዜ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። እህታቸው ናት። ረጅም ጊዜ ሰሙ። «የእማማም መቃብር?» ብለው ጠየቁ፣ ከዚያ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከአስር ሰዓት ስድስት ደቂቃ አልፏል።

«ጎረቤት ያለችው ጠበቃ ጉዳዩን ታውቀዋለች፤ ፕሪቻርድ ያማክራት ነበር» አለ ሌን አንገቱን ደፍቶ። «በአምስት ደቂቃ ትፈርመው ነበር። ልውጣ ያልኩት ለዚያ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ሶላንኪ ወደ ሽማግሌው ዞረች። እሳቸው አልጮኹባትም፤ ተማሪ እንደሚያርሙ ሁሉ በዝግታ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ገዳዩ እኮ የትም አይሄድም ነበር። በሩን ቆልፈሽዋል።»