ማንም ያልከፈተው ስክሪን

ሽመልስ የሞተው በሩን እየቧጨረ ነው። እሑድ ጠዋት ሲያገኙት ጥፍሮቹ ደምተው፣ አፉ ተከፍቶ፣ ከሰርቨሩ ክፍል በር ሥር ተኮራምቶ ነበር። ክፍሉ እሳት ሲነሳ አየሩን የሚያባርር የማጥፊያ ጋዝ አለው። ዓርብ ከሰዓት እሳት ሳይኖር ጋዙ ተለቀቀ፤ በሩም ተቆለፈ። ሁለቱንም የሚያዘው ዋናው ኮምፒውተር፣ ራሱ ሰርቨሩ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ደግሞ በኤልሳ ስም ነው።

ኤልሳ በእስራኤሏ ሀደራ ከተማ ከገበያው ጀርባ ያለው የድምፅ ማኅደር ኃላፊ ናት። ማኅደሩ ከጎንደር የመጡ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችን ጸሎት ሠላሳ ዓመት ሲቀዳ ኖሯል። የሟቹ አባቷ የቄስ ዘምሩ ድምፅም እዚያ ብቻ ነው የተቀዳው፤ ሌላ ቦታ የለም።

መርማሪ ውዲቱ ዝናብ ያበሰበሰውን ጃኬቷን ሳታወልቅ ወደ ማኅደሩ ገባች። አለቃዋ ኤልሳን ሳይመሽ አስረሽ አምጪ ብሏታል። ውዲቱ ለእንባ ትዕግሥት የላትም፤ መታዘዝም አትወድም።

«ወይዘሮ ኤልሳ፣ ሐሙስ ዕለት ከሽመልስ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያ ጥቁር ስክሪን! ጽሑፍ ብቻ፣ እሱም የማይገባኝ። የአባቴን ድምፅ ለመስማት በፈለግሁ ቁጥር እሱን መለመን ሰለቸኝ። እንደ ሰው ኮምፒውተር ሥዕል ያለው፣ በማውስ የሚነካ ነገር ጫንልኝ አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ሰርቨር ጌጥ አያስፈልገውም፤ ትርፍ ነገር በተጫነ ቁጥር ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ይበዛል። የማይችል አይንካው› ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። እኔም ማሽንህን ታቅፈህ ሙት አልኩት።» ፊቷን ወደ ሰርቨሩ ክፍል መለሰች። «አልኩት እኮ!»

ከሽመልስ ሥር ሁለት ቴክኒሻኖች አሉ፤ ኢላይና ዶሮን። ኢላይ የአይሁድ ቆቡ ኪፓ ከራሱ የማይለይ የክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ ኤልሳ ናት ያሳደገችው።

«ሥዕላዊው ስክሪን ሰርቨሩ ላይ ተጭኗል» አለ ኢላይ ዓይኑን እየጠረገ። «እሱን የሚፈልግ ከእትዬ ኤልሳ ሌላ እዚህ ቤት ማን አለ? ልቤ እየደማ ነው የምናገረው።»

ዶሮን ግን አላለቀሰም። «ሽመልስ ክፉ ነበር። አህያ ነበር የሚለኝ። ቢሆንም እንዲህ መሞት አልነበረበትም።»

«ቅዳሜ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ሻባት፣ የቅዳሜን ሰንበት፣ አልጠብቅም። ቀኑን ሙሉ ከቤቴ ሆኜ ሌላ ማሽን ሳድስ ነበር።»

ውዲቱ ናሕሊኤል ሰፈር ወደሚገኘው የሽመልስ ቤት ሄደች። ሚስቱ ሸዋጌጥ ከፍሪጁ አጠገብ ያለች ትንሽ የኮምፒውተር ሳጥን አሳየቻት። ሰርቨሩ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ እዚያች ሳጥን ውስጥ ይገለበጣል።

«ማንንም አያምንም ነበር» አለች ሸዋጌጥ። «እኔንም ጭምር። ሁለት ቀን ቢጠፋ እንኳ የት ነበርክ አይባልም።»

ከሰዓት ላይ ውዲቱ ሁሉንም በተቧጨረው በር ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሥዕላዊው ስክሪን የሚጫነው በጥቁሩ ላይ ትእዛዝ ተጽፎ ነው» አለች። «የሚፈልገው ሰው ሊጭነው አይችልም፤ ሊጭነው የሚችለው ደግሞ አይፈልገውም። ወይዘሮ ኤልሳ፣ እስቲ አንድ ትእዛዝ ይጻፉልኝ።»

ኤልሳ ቁልፎቹን አይታ እጇን ሰበሰበች።

«ስክሪኑ ተጫነ እንጂ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ጋዙም የተለቀቀው በጥቁሩ ነው፤ ሌላ ሰው በእሳቸው ስም ገብቶ። የተጫነው እኛ አይተነው እሳቸውን እንድናስር ነው። ስለዚህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ።»

ዶሮን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋዙ የተለቀቀው ዓርብ 16:02 ነው። ገዳዩ ወዲያው ዱካውን ማጥፋት ነበረበት። አላጠፋም። ሌሊቱን ምንም የለም፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። ቅዳሜ 17:25 ላይ ተመልሶ መደምሰስ ጀመረ። ሻባት የገባው ዓርብ 16:15፣ የወጣው ቅዳሜ 17:18 ነው። ማሽን ላይ የዋለው ዶሮን ይህን ያህል አይጠብቅም፤ ሻባት የሚጠብቅ ግን በመካከሉ ማሽን አይነካም።» ኢላይን አየችው። «ሰው ገድለህ ሰንበት አከበርክ።»

«ማ ፒትኦም! በጭራሽ! አበድሽ እንዴ? ለምን ብዬ?»

«ባለፈው ወር በአንድ የተሳሳተ የትእዛዝ መስመር የቄስ ዘምሩን ቅጂዎች በሙሉ አጠፋህ። ሽመልስም ደረሰበት። ‹እስከ እሑድ ራስህ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ብሎ ጽፎልሃል። ሳጥኗ ውስጥ አለ።»

«የአባቴን?» አለች ኤልሳ።

ኢላይ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «እትዬ… ያሳደጉኝን ሰው በየትኛው አፌ ልንገርዎት?»

«እናም እኔን ማሳሰር ቀለለህ?»

ውዲቱ እዚህ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት! አልተወችውም።

«ሽመልስ ዓርብ ዕለት ለምን እስከዚያ ሰዓት እንደቆየ ታውቃለህ? ከተበላሸ አሮጌ ዲስክ ድምፁን ሲያወጣ ነበር። 15:40 ላይ ጨርሶ ሰርቨሩ ላይ በቄሱ ስም አስቀመጠው። ከዚያ ዲስኩ ለዘለዓለሙ ሞተ። አንተ ቅዳሜ ማታ ዱካህን ልታጠፋ ተመልሰህ ‹እዚህ ፎልደር ውስጥ ከዓርብ ቀትር ወዲህ የገባውን ሁሉ ደምስስ› አልክ። ጥቁሩ የጠየቁትን እንጂ ያለውን አያሳይም፤ ታዘዘልህ። ባለሙያዎቻችን ሞከሩት፤ አይመለስም።»

«ውሸት ነው» አለ ኢላይ በሹክሹክታ።

«የጫንከውን ስክሪን አንዴ ብትከፍተው ኖሮ የቄሱን ስም ፊት ለፊት ታየው ነበር።»

ካቴናው እጁ ላይ ገባ። ኤልሳ አልጮኸችም፤ አልመታችውም። ወደ ጥቁሩ ስክሪን ጠጋ ብላ በነጭ የተደረደሩትን የትእዛዝ መስመሮች አየች።

«የትኛው ነው አባቴ?» አለችው።

ኢላይ ሁለቱን የታሰሩ እጆቹን አንሥቶ ‹ደምስስ› የሚለውን መስመር በጣቱ አሳያት።